ወገብ የሌለው ፊደል፦ ከምንጃር አቃቂ ደርሶ መልስ

እኛ ምንጃሮች ባቡርን የምናውቀው ከሩቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲጠራ ከገደሉ አፍ ላይ ቆመን ወደ ቆላው ስናይ እንደ አባ ጨጓሬ ሲሳብ ይታየናል፤ ከዚያ ወደየጤፋችን እንመለሳለን። እኔ ግን ዘንድሮ ተሳፈርሁበት። ከተመለስሁ ወዲህ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «አቃቂ ሄደህ ምን አየህ?» ይለኛል። አንዱን ነገር ለሁሉም መደጋገም ስለ ሰለቸኝ እነሆ ጻፍሁት። ከተማ አየሁ ብዬ ላወራላችሁ አይደለም። እንዴት እንደ ደነገጥሁ ልነግራችሁ ነው፤ ከሄድሁባት ቀን እስከ ተመለስሁባት ቀን ድንጋጤ ላይ ድንጋጤ ነበር።

የሄድሁበት ምክንያት ታናሽ ወንድሜ ዓለሙ ነው። አምና አቃቂ ላይ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ለሙት ዓመቱ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሰዎች በእድራቸው ሐውልት አቁመውለታል የሚል ቃል መጣልን። እናታችን በቅሎ ላይ መቀመጥ ከተሳናት ቆይቷል። ስለዚህ እኔን ጠርታ፣ «ደምሴ፣ ድግሱ እንዴት ነበር፣ ስንት ሰው መጣ ብዬ አልጠይቅህም። ስሙ እንዴት እንደ ተጻፈ ብቻ አይተህ ንገረኝ። ያምራል ወይስ አያምርም? እሱን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ይህን ያለችበትን ምክንያት ቤተኛ ሁሉ ያውቀዋል። አባታችን ቁም ጸሐፊ ነበር። እኔንና ዓለሙን ከአንድ አጎዛ ላይ አስቀምጦ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ አስተማረን። የእኔ ፊደል ወፍሮ የሚቀጥን፣ አንገትና ወገብ ያለው ሆነ። የዓለሙ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ነበር። አንድ ቀን አባታችን በተማሪዎቹ ፊት፣ «የዚህ ልጅ እጅ እንጨት ነው። ፊደሉ ወገብ የለውም» አለው። ዓለሙ ብርዑን አስቀመጠና ወደ ቆላ ወረደ፤ በባቡሩ ሄደ፤ ያው እንደ ሄደ ቀረ። በመንገደኛ አፍ ቃል ይልክ ነበር እንጂ አንዲት ደብዳቤ ጽፎልን አያውቅም። ፋብሪካ ይሠራል ከማለት በቀር ምን እንደሚሠራም አናውቅም ነበር። እናታችን እንግዲህ በሕይወቱ ያልተመሰገነ ፊደል ቢያንስ በመቃብሩ ላይ ያማረ ይሁንለት ነው ያለችው።

ረቡዕ ጠዋት ለድግሱ አንድ ጆንያ ማኛ ጤፍ በበቅሎ ጭኜ ወረድሁ። ቁልቁለቱን የማያውቅ ሰው ጉልበት ያለው ይመስለዋል። ወለንጪቲ ስደርስ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ሙቀቱ ከምድጃ አፍ እንደ ቆምሁ አድርጎ ተቀበለኝ። ያሳደረችኝ አንዲት መበለት ናት። እግሬን አጥባ፣ ጾም ስለ ነበር ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ፣ የራሷን አልጋ ወደ ግቢ አውጥታ «ቤቱ ውስጥ ትኋኑ አያስተኛዎትም» ብላ እሷ ደጃፍ ላይ ተኛች። በእኛ አገር እንግዳን ውጭ ማስተኛት ነውር ነው፤ እዚያ ግን ክብር መሆኑን ከዋክብቱን እያየሁ ተረዳሁት።

ሐሙስ ባቡሩ መጣ። አመጣጡን አልነግራችሁም፣ ምክንያቱም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ መቀመጫ ስላልነበረ ጆንያዬን መተላለፊያው ላይ አጋድሜ ተቀመጥሁበት። ሙቀት፣ ሰው፣ ፍየል፣ የፍየል ባለቤት፣ ሁሉም በአንድነት ናዝሬት ደረስን። ከናዝሬት በኋላ ዝናብ መጣና በተሰበረው መስኮት ገብቶ እኔንም ጆንያዬንም አራሰን። ሞጆ ላይ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ከኋላዬ ሳቅ ተነሣ። ዞር ስል ሳቁ ባሰ። አንዲት ዳቦ ሻጭ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እርስዎስ አይጠፉም! መድረሻዎ ከኋላዎ ተጽፏል» አለችኝ።

ለካስ የጆንያው ቀለም በእርጥቡ ነጭ ሱሪዬ መቀመጫ ላይ ታትሟል። በትልልቁ፣ በተገለበጠ ፊደል፣ «አቃቂ» ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ተመልሼ ጆንያውን አገላብጬ አየሁት። አብሬው የኖርሁት ጆንያ ነው፤ ጤፍ ስንሸጥበት፣ ስናከማችበት፣ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። አሁን ሳየው ጽሕፈቱ ከሱሪዬ ይልቅ አበሸቀኝ። አንዱ መስመር ከሌላው አይቀጥን አይወፍር፣ እንደ ቧንቧ። የ«ቃ»ው ራስ ድፍን ክብ፣ የ«አ»ው እግሮች እንደ በር መቃን ቀጥ ያሉ። ጌጥ የለ፣ አንገት የለ፣ የብርዕ ዱካ የለ።

«ይህን የጻፈ እጅ አይባረክ!» አልሁ፣ ጮክ ብዬ። ባለ ፍየሉ «አሜን» አለ፤ ምን እንዳልሁ የሰማ አይመስለኝም።

ደብረ ዘይትን፣ ዱከምን አልፈን አቃቂ ስንወርድ የዓለሙ ጓደኛ ሽፈራው ጣቢያው ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ዓለሙ ያረፈውም የሽፈራው ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ሲኖር ነው። ሱሪዬን አይቶ አልሳቀም፤ ጃንጥላውን ከኋላዬ ዘርግቶ እስከ ቤቱ ሸፈነኝ። ዝናቡ ቆሞ ነበር እኮ! ይህን ደግነት እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

ሚስቱ ዘነበች ውኃ ከቧንቧ ቀድታ አሞቀችልኝ። በእኛ አገር ውኃ ማለት አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ነው፤ እዚህ ጣት ነው። ራት ፓስታ ቀረበልኝ። በሹካ ልጠቀልለው ብዬ ጎተት ባደርገው ጫፉ ጢሜ ላይ ተለጠፈ። ዘነበች ሳቋን ውጣ፣ «ጋሼ፣ በእንጀራ ይብሉት፣ ዓለሙም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር» አለችና ሰፌድ አቀረበች። ሱሪዬን በሳሙና ብታሸው ብታሸው «አቃቂ» አልለቅ አለ። የሽፈራውን ሱሪ አበደሩኝ፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄድን። ሐውልቱ በነጠላ ተሸፍኗል። ሽፈራው ነጠላውን ሲገልጠው ፊቱ ላይ አንድ የደስታ ነገር ነበር፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። እኔ አየሁና ደሜ ፈላ።

ያ ጽሕፈት ነው። የጆንያው። የወንድሜ ስም፣ «ዓለሙ ሀብቴ»፣ በዚያው ክብና ዱላ ተቀርጿል። ሱሪዬ ላይ የታተመው፣ የረገምሁት፣ ወገብ የሌለው ፊደል የወንድሜ ራስጌ ላይ ቆሟል። እናቴ ታወሰችኝ፣ «ያምራል ወይስ አያምርም?» ስትል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልሁት። «ወንድሜን ጆንያ አደረጋችሁት?»

«ጋሼ ደምሴ…»

«ሰው ነው የተቀበረው ስሚንቶ ነው? የቁም ጸሐፊ ልጅ ነው! እንዲህ ያለ ፊደል በአባታችን ቤት የውሻ ገበታ ላይም አይጻፍም!»

ሽፈራው ነጠላውን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ ጠቀለለ። ድንጋይ ጠራቢው ኦቦ ገመቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ፋብሪካው ሳይመጣ እነዚያን መስኮች ያርሱ የነበሩ፣ አሁን ድንጋይ የሚጠርቡ ሽማግሌ ናቸው። ጠራኋቸውና ፊደሉ ተፍቆ እኔ በምሰጣቸው ጽሕፈት እንዲቀረጽ ነገርኋቸው። እዚያው ከጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ በቁም ጽሕፈት ስሙን ጻፍሁላቸው፣ ያለ የሌለ ጥበቤን አፍስሼ።

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን ተቀብለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ድንጋይ እንደ ወረቀት አይደለም አቦ። ከፋቅሁት አይመለስም።»

«ይፋቅ!»

ሽማግሌው ሽፈራውን አዩት። ሽፈራው መሬቱን አየ። «ኀዘንተኛው እሳቸው ናቸው፤ ካሉ ይሁን» አለ። ኦቦ ገመቹም ነገ ጠዋት እንደሚጀምሩ ነገሩኝ። የዚያን ምሽት ሽሮው ቀረበ። ዘነበች «ይብሉ እንጂ» እያለች አጎረሰችኝ፤ ዓይኗ ግን ያለቀሰ ዓይን ነበር። ለሟቹ መስሎኝ አጽናናኋት።

ቅዳሜ ከእድሩ መጋዘን አግዳሚ ወንበር ለማውጣት ከሽፈራው ጋር ወደ ፋብሪካው ሄድን። መንገዱን ሁሉ ያ ፊደል ይከተለኝ ጀመር። የፋብሪካው ረጅም አጥር ላይ፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁመቱ እንደ ሰው። የእሳት ማጥፊያው ባልዲ ላይ። የወፍጮ ቤቱ በር ላይ። በሰቃ በሚባለው ሰፈር በኩል የጋሪዎቹ ጎን ላይ። «እዚህ አገር ሌላ ጸሐፊ የለም?» አልሁት። ሽፈራው እርምጃውን አፈጠነ። አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልችልም፤ መነጽሬን ቤት ትቼ ወጥቼ ነበር፣ ከሐዲዱ ማዶ ያለውን «ባቡር ሲመጣ ቁም» የሚለውን ግን ከዚህ ማዶ ሆኜ አነበብሁት። የእኔን ቁም ጽሕፈት በዚያ ርቀት ያለ መነጽር ባየው የጉንዳን ሰልፍ እንደሚመስለኝ አውቃለሁ። ነገሩ እያናደደኝ አለፍሁ።

ከመጋዘኑ የሚደረሰው ጆንያ በሚታተምበት ክፍል በኩል ነው። ገባንና ቆምሁ። ግድግዳው ሙሉ ቆርቆሮ ነው። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ፊደል ተበስቷል፤ ጆንያው ላይ አስቀምጠው ቀለም ይቀቡበታል፣ ፊደሉ በቀዳዳው ያልፋል። ከሀ እስከ ፐ በየተራቸው ተሰቅለዋል። ከሥራቸው አንድ በርጩማ አለ፤ ላዩ ላይ የታጠፈ ጋቢ። ሠራተኞቹ እየሮጡ ሲያልፉ እንኳ በርጩማውን ዞረው ነው የሚያልፉት።

«ይህን ሁሉ የፈለሰፈው ማነው?» አልሁ።

ሽፈራው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ጋሼ… አያውቁም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ዓለሙ ነው እኮ። ሁሉንም። የአጥሩንም፣ የሐዲዱንም፣ የወፍጮውንም።»

ጆሮዬ ጮኸ። በርጩማው ላይ ልቀመጥ ብል ጋቢው የማን እንደ ሆነ ገባኝና ግድግዳውን ያዝሁ። ሽፈራው አሁን ቃሉ ጎረፈ። አዲስ ማሽን የመጣ ጊዜ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ክብና ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነበር፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት። ዓለሙ ምሳውን ትቶ ሳጥኑ ፊት ቆሞ ቀረ። ጣልያኑ መካኒክ ይህን አይቶ የዚያን ፊደል ናሙና የያዘ ወረቀት ሰጠው፣ ኮምፓስ አዋሰው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ‹ለካ እንዲህም ይጻፋል፤ ለካ የእኔም ፊደል አገር አለው› ብሎኝ አለቀሰ። ከዚያ የኛን ፊደል አንድ በአንድ ሠራው። ሲሞት ጊዜ፣ ስሙን ሌላ ሰው ከሚጽፍለት ራሱ ይጻፈው ተባባልንና ከቆርቆሮዎቹ ገልብጠን ለኦቦ ገመቹ ሰጠን።»

«ታዲያ ትላንት ለምን አልነገርከኝም? ስጮኽብህ ለምን ዝም አልህ?»

«የሚያውቁ መስሎኝ ነዋ! ‹አባቴ እጅህ እንጨት ነው አሉኝ› ይለን ነበር። ትላንት ልክ እንደሱ ሲናገሩ ቤተሰቡ አሁንም አልወደደለትም አልን። ኀዘንተኛን ማን ይከራከራል? እርስዎ ታላቁ ነዎት።»

ይሉኝታ! የእኛ ደዌ። እሱ እኔን አክብሮ ዝም ሲል፣ እኔ ዝምታውን ጥፋተኝነት አድርጌ ስወስደው፣ የወንድሜ እጅ በሞረድ ሊፋቅ ነው። «ኦቦ ገመቹ ጀምረዋል?» አልሁ። ሽፈራው የጠዋቱን ፀሐይ አየ፤ መልሱ ፊቱ ላይ ነበር።

ጋሪ ይዘን በረርን። ባለ ጋሪው ፈረሱን ሲገርፍ ከጋሪው ጎን የዓለሙ ፊደል ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጣል። ግቢው በር ላይ ዘልዬ ስወርድ የተዋስሁት ሱሪ ተተረተረ፤ ግድም አልሰጠኝ። «ኦቦ ገመቹ! ይቁሙ! ስለ እግዚአብሔር ይቁሙ!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ጢማቸው በድንጋይ አቧራ ነጭ ሆኗል። ከአጠገባቸው ደረስሁና አየሁ። «ዓ» የለም። በቦታው እንደ ተላሰ ጨው የጎደጎደ ለስላሳ ድንጋይ አለ። «ለሙ ሀብቴ» ይላል የቀረው።

ተንበረከክሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት አይለቀምም። ኦቦ ገመቹ ነገሩን ከሽፈራው ሲሰሙ ሞረዳቸውን ወረወሩት፤ ቆይተው ግን የጎደጎደውን በአውራ ጣታቸው ለኩና፣ «ድንጋዩ ገና ሥጋ አለው። ጠለቅ አድርጌ ልቀርጸው እችላለሁ። ፊደሉን አምጡልኝ ብቻ» አሉ።

ሽፈራው ቆርቆሮውን ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልሁም። ክብ አይደለም እንዴ? ኦቦ ገመቹ ኮምፓስ ነበራቸው። ለክቼ፣ ነጥቤ፣ ድንጋዩ ላይ ክብ አዞርሁ፣ እግሩንም ቀጠልሁለት። ፈቀቅ ብዬ ሳየው አልሆነም። ከ«ለ» አጠገብ አንሶ ታየኝ፣ ልኩ አንድ ሆኖ ሳለ። ከላይና ከታች የወፈረ፣ ጎኑ የሟሸሸ መሰለኝ። አጠፋሁት። ደግሜ ባዞረውም ያው ሆነ።

ሽፈራው እያለከለከ ቆርቆሮውን አመጣ። በእኔ ክብ ላይ አስቀመጥነው። አልገጠመም! የዓለሙ ክብ ክብ አይደለም። ከ«ለ» ራስ የፀጉር ያህል ወደ ላይ ያልፋል። ከላይና ከታች ቀጠን ብሎ ጎንና ጎኑ ደንደን ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ኮምፓስ ነው፤ ሲቀርቡት እጅ ነው።

«በኮምፓስ ይጀምርና ኮምፓሱን ይጥለዋል» አለ ሽፈራው። «ቆርቆሮውን በር ላይ ይሰቅልና ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያየዋል። ይመለስና በሞረድ ይነካዋል፣ እንደገና ይሄዳል። ‹ምነው፣ ክብ እኮ ነው› ስንለው አንድ አባባል ነበረችው፦ ‹ገመድ ይለካል፤ ዓይን ይዳኛል›።»

ይህ የአባታችን ቃል ነው። አጎዛው ላይ አስቀምጦን ብራናውን ሲያሰምር በየቀኑ የሚለን። እኔ ቃሉን ሰምቼ የአባቴን ፊደል ገለበጥሁ። ዓለሙ ግን ቃሉን ይዞ ሄዶ የራሱን ሠራበት። ወገብማ ነበረው ፊደሉ፤ እንዳይታይ አድርጎ ደበቀው እንጂ። መቃብሩ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ድምፅ አውጥቼ አለቀስሁ፤ አምና ያላለቀስሁትን ጨምሬ።

ቆርቆሮውን ድንጋዩ ላይ እኔ ያዝሁ፣ ኦቦ ገመቹ ቀረጹ። እጄ ሲደነዝዝም አልለቀቅሁም።

እሑድ ሙት ዓመቱ ሆነ። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ሰዉ መጣ፣ በልቶ አመሰገነ። ስለ ጤፋችን ነጭነት ብዙ ተወራ። ሽፈራውን በሰው ፊት አቅፌ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱም እንደ ልማዱ መሬት እያየ «ምን አደረጉኝ ጋሼ» አለ። ሐውልቱን ያየ ሁሉ የመጀመሪያው ፊደል ለምን ከሌሎቹ ጠልቆ እንደ ተቀረጸ ጠየቀ። ኦቦ ገመቹ «ታላቁ ናቸው ያስጠለቁት» ብለው ብቻ መለሱ።

የመልስ ጉዞዬን አላረዝምባችሁም። ዘነበች ዳቦ ጋግራ ቋጠረችልኝ፣ ለወለንጪቲዋ መበለት ግማሹን ሰጠሁ፣ ዳገቱ እንደ ወትሮው ገደለኝ።

እናቴ ጎታው አጠገብ፣ ከተለመደው ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ጤና ይስጥልኝ ሳልል፣ «ያምራል?» አለችኝ።

«ያምራል እማዬ። ራሱ ነው የጻፈው።» ሁሉንም ነገርኋት። አንድ ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «እኔ ፊደል አላውቅ። ግን ምን ይመስላል እጁ? ባየሁት» አለች።

ሱሪዬን ላሳያት ጓዜን ልፈታ ስል ዓይኔ እሷ የተደገፈችበት ላይ ዐረፈ። ግድግዳውን ይዘው የተደረደሩ የጤፍ ጆንያዎች። እጇን ይዤ አነሣኋትና አንዱን አገላበጥሁት። መዳፏን ክቡ ላይ አደረግሁላት። ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው። ከዚያ ሁለተኛውን ጆንያ፣ ሦስተኛውን።

«እነዚህ ከመቼ ጀምሮ ነው ቤቴ ያሉት?»

«በየመኸሩ እንገዛለን እኮ እማዬ።»

እጇን ከጆንያው ላይ አላነሣችም።

«እንግዲያው በየዓመቱ ይመጣ ነበር ማለት ነው» አለች። «አንድ ሰው እንኳ ‹ቁጭ በል› አላለውም።»